«የመነጽር ዲግሪ» ላሉት ጸሐፊ፦ ምላሽ ከድሬዳዋ

ሰሞኑን «የመነጽር ዲግሪ» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል። እኔ ጋ መጀመሪያ የላከው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቀጥሎ ተማሪዎች ላኩልኝ። በመጨረሻ አጎቴ ላከልኝና ከሥሩ «ይሄ ያንተ ትምህርት አይደል እንዴ?» ብሎ ጻፈበት።

አዎ፣ የእኔ ነው። አርክቴክቸር ተምሬ፣ ከዚያ ኮምፒውተርንና የቦታ ዲዛይንን አንድ ላይ የሚያስተምር ሁለተኛ ዲግሪ ሠርቻለሁ። አሁን የምሠራው እዚሁ ድሬ ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበኝ።

ጽሑፉን ላላየ ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ይህ ትምህርት የሜታቨርስ (መነጽር አጥልቀው የሚገቡበት ምናባዊ የኮምፒውተር ዓለም) ግርግር ልጅ ነው፤ ግርግሩ አልፏል፣ ትምህርቱም ያልፋል። ተመራቂው አርክቴክትም ፕሮግራመርም ስለማይሆን «ከሁለት ያጣ» ነው። ሶፍትዌሩን ማንም ዩቲዩብ ላይ ይለምደዋል፣ የቀረውን ኤአይ ይጨርሰዋል። መብራት ለሚቆራረጥባት፣ ጎርፍ ለሚያሰጋት ከተማ ነገሩ ቅንጦት ነው። ሐረርን በመነጽር ማሳየት ቅርሱን መጫወቻ ያደርገዋል፣ መረጃውም የውጭ ሰው ሲሳይ ይሆናል። ወጪውም ከባድ ነው። መደምደሚያቸው ደግሞ፣ ልጆቻችንን ለዚህ ትምህርት ከመላክ እዚሁ ጥሩ የኮምፒውተር ላብ እንገንባ የሚል ነው።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የከተማችንን ችግር የሚያውቁ ሰው እንደሆኑም ያስታውቃል። አንዳንዱ ላይ እስማማለሁ፤ እስማማለሁ የምልበት ቦታ ስደርስ እናገራለሁ።

ከሜታቨርስ ልጀምር። ፌስቡክ በ2021 ስሙን ሜታ ብሎ ሲቀይር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዓለም በሙሉ መነጽር አጥልቆ ስብሰባ የሚቀመጥ መስሎ ነበር። አልሆነም። ይህን ሥራ የያዘው የኩባንያው ክፍል በ2022 ብቻ 13.7 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2023 ደግሞ 16.1 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ጸሐፊው «አረፋ ነበር» ሲሉ ልክ ናቸው። በዚያ ሰሞን የትምህርት ማስታወቂያቸው ላይ «ሜታቨርስ» የሚል ቃል ለጥፈው ተማሪ የሰበሰቡ ተቋማት አይጠፉም፤ ያንን አልከላከልም።

ትምህርቱ ግን ከዚህ ግርግር በብዙ ይበልጣል፣ በዕድሜ። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ፣ በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር የሚሣልበትን ስኬችፓድን ለዶክትሬት ያቀረበው በ1963 ነው። ሥዕሉ ብቻ አይደለም ያስገረመው። «እነዚህ ሁለት መስመሮች ትይዩ ይሁኑ» ብሎ ማሽኑን ማዘዝ ይቻል ነበር። ዛሬ ድሬ ውስጥ አውቶካድ ከፍቶ የኮንዶሚኒየም ፕላን የሚያርም ሰው ሁሉ የዚያ ሥራ ወራሽ ነው። ይኸው ሰው በ1968 ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ ማሳያ ሠራ። ዕቃው ከባድ ስለነበር ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ነበር የሚጠለቀው። የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ የተወለደው ከዚያ 16 ዓመት ቆይቶ ነው። እና አንድ ኩባንያ ስለከሰረ ዘርፉ ሞተ ማለት አይቻልም፤ ዘርፉ ከኩባንያው በፊት ነበረ።

«ከሁለት ያጣ» የምትለዋ አባባል ከሁሉም በላይ የተጋራችው ናት። ቀልቤን የሳበችውም እሷ ናት፣ ምክንያቱም ታሪኩ ተቃራኒውን ስለሚያሳይ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አርክቴክቸር የተማረ ሰው ነው። በ1967 ኤምአይቲ ውስጥ «አርክቴክቸር ማሽን ግሩፕ» የሚባል ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ በ1970ዎቹ መጨረሻ የአስፐን ከተማን መንገዶች ከመኪና ላይ በካሜራ ቀርጾ፣ ተመልካቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» እያለ በከተማዋ የሚዞርበትን ሥራ አሳየ። ጉግል የከተማ መንገዶችን በፎቶ የሚያሳይበትን አገልግሎት ያመጣው በ2007 ነው። ከዚያ ቡድን ነው በ1985 የተከፈተው ሚዲያ ላብ የወጣው። ሌላም አለ፣ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር። ሒሳብም አርክቴክቸርም ተምሯል። ቤትና መንደር በሚደጋገሙ «ፓተርኖች» እንደሚሠሩ ጽፎ ነበር። በኋላ የሶፍትዌር መሐንዲሶች ሐሳቡን ወሰዱት። ዛሬ ኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ውስጥ «ዲዛይን ፓተርን» ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት መነሻው እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ከሁለት ያጡ ከሆኑ፣ ማጣትስ እንዲህ ነው!

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልስጥ። የመጀመሪያ ዲግሪው ኮምፒውተር ሳይንስ የሆነ ሰው በዚህ ማስተርስ አርክቴክት አይሆንም፤ ፈቃድ አውጥቶ ሕንፃ አይፈርምም። አርክቴክቱም በአንድ ዓመት ጥሩ የሶፍትዌር መሐንዲስ አይወጣውም። ኮንክሪት ሲሞላ አይቶ የማያውቅ፣ ኮዱንም ሌላ ሰው የማያነብለት ተመራቂ አጋጥሞኛል። «ሁለቱንም ትሆናላችሁ» ብሎ የሚሸጥ ፕሮግራም ካለ ጸሐፊው ቢተቹት ደስ ይለኛል።

አሁን ዋናው ልዩነታችን ላይ ደረስን። ጸሐፊው ትምህርቱን ሥዕል ማሳመር አድርገው ነው የሚያዩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወሩት ስለ መነጽር፣ ስለ ሬንደር (ኮምፒውተር ስለሚያወጣው የሕንፃ ሥዕል) እና ስለ «ቆንጆ ምስል» ነው። ከዚህ ቢነሱ «ቅንጦት» ላይ መድረሳቸው አይገርምም። እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ትልቁ ሥራ ግን ቦታን ማስላት ነው። ሰው በየት ያልፋል? ማን ማንን ያያል? ይህች በር ብትዘጋ ምን ይሆናል?

ምሳሌው ከአፍንጫችን ሥር አለ። ድሬዳዋ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቀጥ ባሉ፣ ዛፍ ባለባቸው መንገዶች ተሠራ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ግን እየተጠማዘዘ አደገ። እንግዳ ሰው መጋላን «የተዘበራረቀ» ይለዋል። ሥራ አስኪያጅም፣ ፕላነርም እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። ታዲያ ገበያው፣ ጫጫታው፣ ሰው የሚፈስሰው ለምን እዚያ ሆነ? ለምን የቀፊራ ገበያ ዘወትር ይሞላል?

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሰዎች፣ ቢል ሂሊየርና ጁሊየን ሃንሰን፣ በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልስ ዘዴ አቀረቡ። ስፔስ ሲንታክስ ይባላል። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። በሰፈሩ ካርታ ላይ ዓይንና እግር ሳይታጠፉ የሚሄዱባቸውን ረጃጅም መስመሮች ትሥላለህ፤ መንገዱ በሙሉ እስኪሸፈን ድረስ። ከዚያ ከእያንዳንዱ መስመር ተነስተህ ወደ ሌሎቹ ሁሉ ለመድረስ ስንት ጊዜ መታጠፍ እንደሚያስፈልግ ትቆጥራለህ። በጥቂት እጥፋት ከሁሉም የሚደረስበት መንገድ ብዙ እግረኛ ይስባል፤ ሱቅም የሚከፈተው እዚያ ነው። ጥልቅ የሆነው፣ ብዙ መታጠፍ የሚጠይቀው መንገድ ጸጥ ይላል፤ እዚያ ልጆች ይጫወታሉ፣ እናቶች በር ላይ ይቀመጣሉ። ለአሥር መንገድ በእጅ መቁጠር ይቻላል። ለመጋላ በሙሉ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ዴፕዝማፕ የሚባለው ሶፍትዌር እዚያው ኮሌጅ አላስዴር ተርነር በሚባል ምሁር የተጻፈ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። መነጽር የሚባል ነገር የለበትም።

ይህ ለድሬ ምን ያደርጋል? የኮሪደር ልማት መጣ እንበል፣ መንገድ ሊሰፋ ነው፣ የሆነች ጠባብ መተላለፊያ ልትዘጋ ነው። ያቺ መተላለፊያ ብትዘጋ ገበያተኛው በየት ይዞራል? የትኛው ባለሱቅ ደንበኛ ያጣል? ይህን ግሬደር ከመምጣቱ በፊት በስሌት መሞከር ይቻላል። መልሱ ፍጹም አይሆንም። የፀሐይ ጉዳይ አለ፣ የዘመድ ጉዳይ አለ፣ የባጃጅ ፌርማታ ጉዳይ አለ፤ እነዚህን መስመር አይቆጥራቸውም። ጥያቄው ግን አጥር ላይ ከሚለጠፍ ቆንጆ ሬንደር በፊት ይጠየቃል። እኔ ብሆን ቅንጦት የምለው ሬንደሩን ነው።

ጸሐፊው ጎርፉን ያነሱት የትምህርቱን ከንቱነት ለማሳየት ነው። «በ2006 ደቻቱ ሲሞላ ምን መነጽር ያድነን ነበር?» ይላሉ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። በድሬ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላጣ ሰው ጥቂት ነው። በቀልድ አልመልሰውም።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ውኃው የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው፤ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድም ሊመጣ ይችላል። ስንት ውኃ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚያሰላው ሃይድሮሎጂስቱ ነው፤ እሱን የሚተካ የለም። እኔ የምለው ከእሱ ስሌት ቀጥሎ ስላለው ነው። በነፃ ከሚገኙት የምድር ከፍታ መረጃዎች አንዱ ናሳ በ2000 በመንኮራኩር የለካው ነው። አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት፣ 900 ካሬ ሜትር። መጋላ ውስጥ 900 ካሬ ሜትር ማለት ስንት ግቢ ነው? ስንት በር፣ ስንት ቦይ፣ ስንት ደረጃ? ይህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ተጨፍልቋል። ውኃው ግን በአንድ ደረጃ ከፍታ ልዩነት ነው ወደዚህ ወይም ወደዚያ የሚሄደው።

ስለዚህ ሰፈሩን በሴንቲሜትር ደረጃ መቅረጽ ያስፈልጋል። ተደራራቢ ፎቶ በማንሳት 3ዲ ሞዴል ማውጣት ይቻላል፤ ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለጠባብ መንገድ ግን ስልክም ይሠራል። ከዚያ በሞዴሉ ውስጥ «ሰዎች» ይለቀቃሉ። ሌሊት ነው፣ ተኝተዋል፣ አንዷ ሁለት ልጅ ይዛለች፣ አንዱ ሽማግሌ ነው። በየትኛው መንገድ ይወጣሉ? የት ይታፈናሉ? የትኛው የግቢ በር ቢከፈት ኖሮ ያልፉ ነበር? ይህ ኮምፒውተርና ሥነ ሕንፃ አንድ ክፍል ውስጥ ካልተቀመጡ የማይመለስ ጥያቄ ነው። ፕሮግራመሩ ብቻውን ግቢ ምን እንደሆነ አያውቅም። አርክቴክቱ ብቻውን አንድ ሺህ ሰው በአንዴ ማስሮጥ አይችልም።

መብራት ይቆራረጣል የሚለውን በፍጥነት ልለፈው። ይቆራረጣል። ሬንደር በግማሽ የቀረበት ሰው ነኝ፣ ሕመሙን አውቀዋለሁ። ግን በዚህ ሒሳብ ባንክም ሆስፒታልም ኮምፒውተር መጠቀም የለበትም።

ዩቲዩብን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ነኝ ማለት ይቻላል። ብሌንደር ነፃ ነው። ሜሽሩም የሚባለው የፎቶግራሜትሪ ሶፍትዌር ነፃ ነው። የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን የሚያሳይ ቪዲዮ እንደ አሸዋ ሞልቷል። ሶፍትዌር ለመልመድ ብሎ ማስተርስ የሚገባ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው፤ ለሚጠይቁኝ ተማሪዎችም እንዲህ ነው የምላቸው። ዩቲዩብ የማይሰጠው ጁሪ ነው፣ ሥራህን ፊት ለፊት የሚመረምሩ መምህራን። ሥራህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ «ይህን መስመር ለምን እዚህ አቆምከው?» የሚልህ ሰው የለም። ኮድህ የሰጠህን ቁጥር «ይህ ስሕተት ነው፣ እንደገና ቁጠር» የሚልህ የለም። ቪዲዮውን ላይክ አድርገህ ታልፋለህ።

ኤአይም ቢሆን ምስል ይሰጣል፤ ምስሉ ልኬት የለውም። «የሐረሪ ቤት ውስጡን አሳየኝ» ቢሉት ቀይ ምንጣፍና ስፌት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያመጣል። መቀመጫው ስንት ሴንቲሜትር ከፍ ይላል ብለህ ብትጠይቀው ግን ከምስሉ ውስጥ መልስ አታገኝም። የዚህ ነገር ክብደት የሚገባው የሐረሪን ቤት ለሚያውቅ ነው።

ጊዲር ጋር፣ የቤቱ ዋና ክፍል፣ በፕላን ሲሣል ባዶ አራት ማዕዘን ይመስላል። ውስጡን የሚከፋፍል ግድግዳ የለም። የቤቱን ሥርዓት የያዙት ነደባዎቹ ናቸው፣ በተለያየ ከፍታ የተሠሩት መደቦች። አሚር ነደባ አለ፣ ጊዲር ነደባ አለ፣ ጢት ነደባ አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ከበር የሚገባ ሰው መጀመሪያ ማንን እንደሚያይ፣ ተቀምጦ የማን ዓይን ከማን በላይ እንደሚሆን የሚወስነው ከፍታው ነው። ከላይ የሚታይ ፕላን ይህን ሁሉ ይውጠዋል። እኛ አርክቴክቶች ለዘመናት ቤትን ከጣሪያ በላይ ሆነን ስናይ ኖረናል፤ ይህን ቤት የሠሩት ሰዎች ግን ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ነው ያሰቡት።

እዚህ ላይ ስሌት ይረዳል። አይሶቪስት የሚባል ነገር አለ፤ ማይክል ቤኔዲክት የተባለ አርክቴክት በ1979 ለሥነ ሕንፃ ያስተዋወቀው። ከአንድ ነጥብ፣ በአንድ የዓይን ከፍታ፣ ምን ያህል ቦታ እንደሚታይ ያሰላል። ዓይኑን አሚር ነደባ ላይ አስቀምጠው፤ የግቢው ምን ያህል ይታያል? ሌላው ነደባ ላይ አድርገው፤ ምን ተሸሸገ? የቤቱ አደብ በቁጥር ይነበባል። እውነቱን ለመናገር መነጽሩም ሥራ የሚኖረው እዚህ ነው፤ ቁመትን ወረቀት ላይ ከማየት በአካል ተቀምጦ ማየት ይሻላል። ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ የዛሬ ጥያቄ ነው። ከጁገል፣ በግንብ ከታጠረችው አሮጌ ሐረር፣ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ነደባውን የት ያድርገው? አሁን የሚሰጠው መልስ ሶፋ ነው። የተሻለ መልስ ያለ ይመስለኛል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርዕስም ነው።

«ቅርሱ መጫወቻ ይሆናል» የሚለው ስጋት ባዶ አይደለም። ግን ቅርስን መቅረጽና ቅርስን መጫወቻ ማድረግ ይለያያሉ። አንድሩ ታሎን የተባለ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር በ2010 የፓሪሱን ኖትር ዳም ካቴድራል በሌዘር ለካው፤ ከ1 ቢሊዮን በላይ ነጥብ ሰበሰበ። በ2019 ሕንፃው ሲቃጠል እሱ በሕይወት አልነበረም፣ ልኬቱ ግን ነበረ፤ መልሶ ለመገንባትም ረዳ። ከእኛም ላሊበላ አለ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር መዝግቧል። ጁገል በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበችው ሰው እየኖረባት ነው። የሚኖርበት ቤት ደግሞ ይለወጣል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሆናል፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ይለሰናል፣ ግቢው ለወንድማማቾች ይከፈላል። «አትንኩት» ማለት ለነዋሪው ፍርድ አይደለም። ከመለወጡ በፊት መለካት ግን ይቻላል።

መረጃው የማን ይሆናል በሚለው ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ ነኝ፣ እንዲያውም እጨምራለሁ። የሰው ቤት ውስጥ ገብቶ መቅረጽ የመንገድ ፎቶ እንደማንሳት አይደለም። ባለቤቷ ፈቅዳ፣ የቱ እንደሚታይና የቱ እንደማይታይ እሷ ወስና፣ ፋይሉም ሐረር ላይ ቀርቶ መሆን አለበት። የአገሬው ሰው የራሱን ቅርስ መያዝ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሸሪፍ ሙዚየም አንድ የሐረር ሰው በገዛ ቤቱ የጀመረው ስብስብ ነበር፤ ዛሬ ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው። የቤቶቹም ልኬት እንደ ሙዚየሙ የእጅ ጽሑፎች እዚያው ቢቀመጥ ምን ይከለክላል? ያንን የሚያስቀምጥ፣ ፎርማቱን የሚያውቅ፣ ከሃያ ዓመት በኋላም እንዲከፈት አድርጎ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ከመካከላችን መውጣት አለበት። ካልወጣ የውጭ ሰው ይመጣና ይለካል፣ ጸሐፊው የፈሩትም ይደርሳል።

ስለ ወጪው ጸሐፊው የሰጡት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። እኔ ግን ጠንካራው ነጥባቸው ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ። እንግሊዝ ለአንድ ዓመት ትምህርት ከውጭ ተማሪ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ትጠይቃለች። ጀርመን ይረክሳል ይባላል። ሥነ ሕንፃን፣ ኮምፒውተርንና ግንባታን የሚያጣምረው የሽቱትጋርት ፕሮግራም ያለበት ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ቪዛው ደግሞ በ2025 በዝግ ሒሳብ (በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ለዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት ይጠይቅ ነበር። ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ይህ ተራራ ነው። ቤት ሽጦ፣ ዘመድ አስቸግሮ ለዚህ ትምህርት መሄድን አልመክርም። እንደ ዳድ (DAAD) ያለ የጀርመን ስኮላርሺፕ ከተገኘ ሌላ ነገር ነው። እስከዚያ ዴፕዝማፕን አውርዶ የራስን ሰፈር መሞከር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ሳምንት ሠርቶበት የሰለቸው ሰው ከማመልከቱ በፊት ያውቀዋል።

የቀረው መደምደሚያቸው ነው፣ ከመላክ ላብ እንገንባ የሚለው። ላቡ ይገንባ፣ እኔም ድንጋይ አቀብላለሁ። ኮምፒውተሮቹ ይገዙ፣ ጄኔሬተርም ይጨመር። ግን በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ሲገቡ የመጋላን ካርታ ከፍቶ መስመር የሚያስቆጥራቸው መምህር ማን ይሁን? ጸሐፊው ስም ካላቸው ይጥቀሱልን። ከሌላቸው፣ ያ ሰው አሁን የት እየተማረ እንዳለ ይንገሩን።